በእናት ዲስኬቱ ላይ የቀረው ማኅተም

አስካለማርያም ገብረ ሕይወት የምታምነው ሰው ከድሮም ጥቂት ነበር፤ በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ጭራሽ ተመናምኖ አለቀ። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ታይፕ መትታለች። ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ እንኳ ታይፑ ላይ ወረቀት አትተውም፤ የተሠራበትን ካርቦን ሳይቀር ቆጥራ ትቆልፍበታለች። እንዲህ ያደረጋት የወንድሟ ነገር ነው። ዘርአ ዳዊት ደነባ ከተማ አስተማሪ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን የተቃዋሚ ወረቀት ተባዝቷል ተባለ። «መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ሲባል የሁሉም ጣት ወደ እሱ ዞረ። ወደ ቤት የተመለሰው ኮቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ አምስት ኮምፒውተር የተሰጣት ለዚህች ሴት ነው። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥና መጣች። ኮምፒውተሮቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው በሽቦ ተያይዘዋል፤ የሚያስነሣቸው ዲስኬት ከሌለ ግን ከባዶ ሣጥን አይሻሉም። ማስነሻው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ መዳፍ የሚያህል፣ ስስ፣ ጥቁር። እናት ዲስኬት ይሉታል። ከእሱ አምስት ቅጂ ተባዝቶ ለየኮምፒውተሩ ይታደላል። የሚባዛባቸው ባዶ ዲስኬቶች ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳሉ ተባለ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አስካለ ጠዋት ጠዋት በእናት ዲስኬቱ አንዱን ኮምፒውተር እያስነሣች ትለማመድ ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዲስኬቱን ፖስታ ውስጥ ትከታለች። አባቷ መምሬ ገብረ ሕይወት ከአንኮበር ከላኩላት ጧፍ አንዱን ትለኩስና ቀዩን የማሸጊያ ሰም እያቀለጠች ፖስታው መሐል ላይ ታንጠባጥባለች፤ ከዚያ ከኪሷ የማይለየውን የመሥሪያ ቤቱን የነሐስ ማኅተም በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ምስጢር የተባለ ነገር ሁሉ እንዲህ ታሽጎ መዝገብ ቤቱ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሚያውቁት ወረቀት ነው፤ ስለ ሌላው ማንም አልጠየቃቸውም።

የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ በያሕያ እጅ ነበር። ያሕያ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ንጹሕ። በየማታው ፖስታ የሚሰጣትም እሱ ነው። ዝምታው አስካለን እረፍት ነሣት። አንድ ቀን ፖስታውን ሲያቀብላት «ይኸ ነገር ሙቀት ይወዳል?» አላት። ምን አገባው? ምን ፈልጎ ነው? ሦስት ቀን ስታብሰለስለው ከረመች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፖስታውን ስትቀደው ከስኳር ካርቶን የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጡ ወደቀ። እሷ አላስገባችም። ቁራጩን ሳትመረምር በጋዜጣ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ማስረጃ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፖስታውን ራሷ ከሱቅ እየገዛች፣ ሰሙን እጥፍ እያደረገች፣ ማኅተሙን እስኪያልባት ትጫነው ጀመር።

ሰኞ ዕለት ባዶዎቹ ዲስኬቶች መጡ። አስካለ ማባዛት ጀመረች፤ ማሽኑ ቅጭ፣ ቅጭ እያለ ሄዶ ሄዶ ሠላሳ አንደኛው ቅጭታ ላይ ቆመና ማንበብ አልቻልኩም አለ። ባዶውን ዲስኬት ቀየረች፤ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩን ቀየረች፤ እዚያው። የማሽኑን ማንበቢያ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገችው፤ እዚያው። ጠዋት ደህና አድርጎ ኮምፒውተር ያስነሣ ዲስኬት እንዴት አይባዛም? ሰው ነክቶታል። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ኃላፊው ጓድ ወልደተንሣኤም ከዚህ የተለየ አላሰበም። «ይኼ አሻጥር ነው» አላት። «እስከ ሐሙስ መጨረሻ የነካውን ሰው ስም በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ካላቀረብሽ ያለው ስም ያንቺ ነው።»

ያቺን ጥያቄ አስካለ ታውቃታለች። የወንድሟ ኮት ዛሬም ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ሐሙስ ጠዋት የያሕያን ስም በታይፕ ጻፈች፤ አሸገች፤ ለኃላፊው ሰጠች።

«ማስረጃውስ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን አመጣለሁ።»

ካርቶኑን ከጋዜጣው ፈታችው። መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ አለ፤ በዙሪያው የመሥሪያ ቤቱ ስም ተገልብጦ ይነበባል። ማኅተሙ ነው። ሙቀቱ ካርቶኑን አጨማዶታል። አስካለ እናት ዲስኬቱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ጥቁሩ ልባስ ላይ፣ ወደ መሐሉ ጠጋ ብሎ፣ ያው ክብ አለ። ማሽኑ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል እንደሚያነብ ሥልጠናው ላይ ተነግሯት ነበር። ለማስነሣት ዳሩ ይበቃል፤ ለማባዛት ግን እስከ መሐል መግባት አለበት። ሠላሳ አንደኛው ቅጭታ የእሷ እጅ ነበር። አፈረች፤ ከእፍረቱ ደግሞ ፍርሃቱ በለጠ።

ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። «ይኸን ያስገባኸው አንተ ነህ?»

ያሕያ ካርቶኑን አየና አልካደም። «እኔ ነኝ፤ ባዶውን ፖስታ ስሰጥሽ ውስጡ ነበር። አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ያለበት ፋይል በሰም ታሽጎ ፎቶው ተጨማዶ ቀረ። ያንቺ ደግሞ ከፎቶ የባሰ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሙቀት ይወዳል ወይ አልኩሽ። አስተያየትሽን ሳይ ተውኩት። ብጨምር ትጽፊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ጽፌብሃለሁ» አለች።

ያሕያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አላህ ያውቃል» አለ። አንድ ቃል ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ተመልሳ ታይፑ ፊት ተቀመጠች። ዲስኬቱን ያበላሸችው ራሷ አስካለማርያም ገብረ ሕይወት መሆኗን፣ ያሕያ ሊያድነው መሞከሩን ጻፈች። ወረቀቱን እንደያዘች ጓድ ወልደተንሣኤ ዘንድ ገባች። የጠዋቱ ፖስታ ገና አልተከፈተም፤ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ማኅተሙን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ጓድ፣ ያንን ይመልሱልኝ። እውነቱ ይኼ ነው።»

ኃላፊው ቆሞ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ሰጣት። «ያልታሸገ ሪፖርት አልቀበልም። አሽገሽ ስታመጪ የጠዋቱን ትወስጃለሽ። ግን አስቢበት፤ ወደ ላይ የሚሄደው ያንቺ ስም ይሆናል።»

አስካለ እንደገና መዝገብ ቤት ገብታ ጧፉን ለኮሰች። ቀዩን ሰም ማቅለጥ ጀመረች። ያሕያ ከመደርደሪያው ፖስታ አወጣ፤ ወረቀቷን አንብቦ አጠፈና ውስጡ ከተተው።

«ካርቶን ላስገባበት?» አላት።

ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመ። በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ለሰው ሰጥታው የማታውቀውን የነሐስ ማኅተም ከኪሷ አውጥታ በያሕያ መዳፍ ላይ አኖረችው።