የአባቴ ግራ እግር

አባቴ ተኽላይ ልደታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ላዳ ታክሲ ነድቷል። ስለ እሱ የሚያወራ የሰፈር ሰው ሁሉ ወሬውን ከግራ እግሩ ይጀምራል። ከጌጃ ሰፈር ወደ ላይ በምታወጣው ዳገት ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላው ሾፌር የእጅ ፍሬን ይጎትታል፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ሞተር ያጠፋል፣ ከኋላው ካለው ጋር ይሰዳደባል። አባዬ ግን ፍሬን ሳይነካ፣ በግራ እግሩ የረገጠውን ፍሪሲዮን በግማሽ ለቆ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ላዳዋን ዳገቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማታል። እንደዚያ ሆኖም በመስኮት ከሚያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። በዚህ አያያዙ በዓመት ስንት የፍሪሲዮን ዲስክ በልቶ እንደሚጨርስ ግን አንድም ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ኬክ ቤት የነበራቸው እትዬ ሸዋዓለም የሠርግ ኬክ የሚያስጭኑት በእሱ ታክሲ ብቻ ነበር። ባለሦስት ደርቡን ኬክ ጭናቸው ላይ አቅፈው ከኋላ ይቀመጣሉ። ልጅ ሆኜ አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ዳገቱ ላይ ቆመን ስንነሳ ዓይኔን ከላይኛዋ የክሬም አበባ ላይ አልነቀልኩም፤ ፍንክች አላለችም። እትዬ ሸዋዓለም «ይሄ ሰው መኪና አይነዳም፣ ልጅ ያስተኛል» አሉ። አባዬ የሰማ አልመሰለም፤ ያን ቀን ግን እስከ ማታ ሲያፏጭ ዋለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር በሽታው ያቺን ግራ እግር ወሰደበት፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠች። ሰው ሠራሹን እግር ለመራመድ ለመደው፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግን አልሆነለትም። ላዳዋን ሸጥን። አባዬ በረንዳ ላይ መዋል ጀመረ። እዚያ ተቀምጦ ከታች በሚያልፉት መኪኖች ላይ በድምፅ ብቻ ይፈርዳል፤ «ይሄ ቸኮለ»፣ «ይሄ ደግሞ ማርሽ አሳዘነ» ይላል። ቀስ በቀስ ያንንም ተወው። ያኔ ፈራሁ። ይህ ሰው እንደገና መሪ ካልጨበጠ ዓይኔ እያየ ሊያልቅብኝ እንደሆነ ገባኝ።

ባለፈው ዓመት ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። ለሰው ሁሉ ለራሴ ነው ብልም ያሰብኩት ለእሱ ነው። ሐኪሙ ቀኝ እግሩ ደህና ስለሆነ አውቶማቲክ መንዳት ይችላል ብሎ ጽፎልናል፤ መንጃ ፈቃዱንም በዚያው አስተካከልን። ቁልፉን ስዘረጋለት ግን እጁን አላነሳም።

«ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ምን መኪና ነው? እሱ ይነዳሻል እንጂ አንቺ አትነጂውም» አለኝ።

«እንግዲያው በረንዳህ ላይ ቁጭ በል!» ብዬው በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ጠባዬ እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ እናገራለሁ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጨኛል።

ኅዳር ላይ ለክትትል ሐኪም ቤት ስወስደው ያቺው ዳገት ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሄድብኝ ነዳጁን በትንሹ እየነካሁ፣ ድሮ አባዬ ሲያደርግ እንዳየሁት፣ ዳገቱ ላይ አንጠልጥዬ ያዝኩት። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ልነሳ ስል መኪናው ተንዘፈዘፈ። አኩርፎ በመስኮት ያይ የነበረው አባዬ ድንገት ቀና ብሎ አየሩን አሸተተ።

«ፍሪሲዮን እየነደደ ነው» አለ።

«አባዬ፣ ይሄ መኪና ፍሪሲዮን የለውም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያሸተትኩትን ሽታ ልታስተምሪኝ ነው? ዳር ያዢ!»

አፉን ሳይዘጋ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ በራ። ዳር ይዤ እስኪበርድ ጠበቅን፤ ከሐኪም ቤት ስንመለስም አብነት ሰፈር ወደሚገኘው የቤካ ጋራዥ ሄድን። ቤካ የአባዬን ላዳ ለዓመታት የጠገነ መካኒክ ነው። መመርመሪያውን ሰክቶ ስክሪኑን አነበበና ሳቀ።

«ጋሽ ተኽላይ፣ አፍንጫዎ ከማሽኔ ቀደመ» አለ።

ከዚያ አስረዳን። ይሄ እንደሌላው አውቶማቲክ አይደለም፤ ውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ አንደኛን፣ ሦስተኛንና አምስተኛን ማርሽ ይይዛል፣ ሌላው ሁለተኛን፣ አራተኛንና ስድስተኛን። በሾፌሩ እግር ፋንታ የሚረግጣቸውና የሚለቃቸው ኮምፒውተር ነው። ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ሲያዝ ፍሪሲዮኑ ሳይለቅም ሳይጨብጥም ይፋጫል፣ ይግላል። ወደ እኔ ዞሮ «በፍሬን ያዢው» አለ። «ፍሬኑን ስትለቂ ለአፍታ ራሱ ይይዝልሻል። በዚያች አፍታ ሳትፈሪ ነዳጅ ስጪው። መሐል ላይ አታንጠልጥይው።»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየ። «ስለዚህ እግር አይጠይቅም እንጂ ፍሪሲዮንስ አለው?» አለ።

«ያውም ሁለት፣ ጋሼ።»

እስከ ቤት ድረስ ዓይኑን ከእግሬና ከፔዳሎቹ ላይ አልነቀለም።

እሑድ ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ አባዬ ኮቱን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል። «ቁልፉን አምጪ» አለኝ፤ መኪናው ጋ ስንደርስም «አንቺ ከኋላ ተቀመጪ»። እንደታዘዝኩት በቀኝ በኩል ከኋላ ገባሁ። ሜዳውን በቀስታ ጨርሶ ወደ ጌጃ ሰፈር ዞረ፤ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ሆን ብሎ ቆመ። መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተትበት ሁለተኛ ቁልፍ እንደማይነካ አውቃለሁ። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ መጥቶ ጡሩንባውን ለቀቀው።

አባዬ ፍሬኑን ለቆ ነዳጅ ሰጠ። በዚያችው ቅጽበት ግራ ጉልበቱ ሱሪው ውስጥ ወደ ታች ስትገፋ፣ ከዚያም ቀስ፣ ቀስ ብላ ስትመለስ አየሁ። መኪናው ሳይንገጫገጭ ተነሳ። መነሳታችንን ያወቅኩት የመንገዱ ዳር አጥር ወደ ኋላ ሲሄድ ነው።

«ረገጥኳት» አለ።

«ምኑን አባዬ?»

«የሌለችውን ፍሪሲዮን። ረገጥኳት እኮ፤ ተሰማኝ!»

አናት ላይ ስንደርስ ዳር ያዘ። በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጭነኝ ኖርኩ» አለ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና፣ ለደንበኛ በሚናገርበት በዚያ በድሮው ድምፁ፣ «እሺ እመቤት፣ የት ላድርስሽ?» አለኝ።

የምሄድበት አልነበረኝም። ቅርብ ቦታ ግን መጥራት አልፈለግኩም፤ «ኮተቤ» አልኩት።