መመለሱስ ስንት ሰዓት ነው?

ከአገር የወጣሁበት ዋዜማ ምሽት አባቴ ከጨንቻ በእግራቸው ወርደው አርባ ምንጭ እህቴ ምሕረት ቤት ደረሱ። ሚኒባስ እያለ ለምን ይደክማሉ ብንላቸው ሰምተውን አያውቁም፤ ሸማኔ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ተሸክመው ወደ ገበያ የወረዱት በዚያችው አቋራጭ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጸልየውልኝ ከሄዱ በኋላ፣ የሠሩልኝን ቡልኮ ጉልበቴ ላይ አኖሩና ጀርመን ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጠየቁኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት ገደማ ነው አልኳቸው።

«መመለሱስ?» አሉ።

እኔ የሒሳብ መምህሩ ሳቅሁባቸው። «ያው ነው አባባ። አውሮፕላን ዳገት የለበትም።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጨንቻ ያደገ ሰው ብርድ አይበግረውም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ የጨንቻ ብርድ ግን ጉሙ ሲገፈፍ አብሮ ይሄዳል፣ የዚህኛው ወራት ሙሉ ቁጭ ነው። የአገሩ ሰዎች ለራት ቀዝቃዛ ዳቦ ይበላሉ፤ ቆጮ በዳጣ የለመደ ሆድ ይህን ራት ብሎ አይቀበልም። አከራዬ አሮጊቷ ደግሞ በረዶ ቢጥልም ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ መስኮት እንድከፍት በውሉ ላይ አስፍራለች። አንድ ቀን ቡልኮውን አልጋዬ ላይ አይታ ለምን ምንጣፍ ለብሼ እንደምተኛ ጠየቀችኝ። አባቴ የሠሩት ነው አልኳት። «ምንጣፍ ሠሪ ናቸው?» አለች። ደክሞኝ ስለነበር አዎ አልኩ።

የመጣሁት ለዶክትሬት ነው፤ መጀመሪያ ግን ሜትሪክ ስፔስ በሚባለው ትምህርት የቃል ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ርቀት ነው። ማናቸውንም ነገር ርቀት ማለት ይቻላል፣ ሕጎቹን ካከበረ። አንድ ቦታ ከራሱ ርቀት የለውም፣ ከሌላው ግን አለው። መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው። በሌላ በኩል ዞሮ መሄድ መንገድ አያሳጥርም። አርባ ምንጭ ሳለሁ ለተማሪዎቼ ይህን ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ።

በፈተናው ዕለት ፈታኙ ፕሮፌሰር ከመጽሐፍ ያልተወሰደ፣ የራሴን ምሳሌ ጠየቀኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቼ ነበር፣ አፌ ላይ የመጣልኝ አገሬ ነው። እኛ ዘንድ የእግር መንገድ በሰዓት ነው የሚነገረው፣ ከጨንቻ አርባ ምንጭ አራት ሰዓት ነው፣ እሱን ርቀት ማለት እንችላለን አልኩት። ስለ መንገዱ እንድነግረው ፈለገ። እኔም ናፍቆቴን አገኘሁና ተዘረገፍኩ፤ ቁልቁለቱን፣ ከታች ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ አባቴ ሲመለሱ በየጠመዝማዛው ጉልበታቸውን ይዘው ሲያርፉ።

«ሽቅቡስ ስንት ይፈጃል?» አለኝ።

«ከስድስት ሰዓት በላይ።»

ከአፌ ሲወጣ ገባኝ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀና፣ «ደስ የሚል መንገድ ነው፤ ሜትሪክ ግን አይደለም» አለ። ወደቅሁ። ገበያ ወራጅ ሁሉ የሚጠይቀው መውረዱን ነው፤ መውጣቱን እኛ ዘንድ ማንም አይቆጥርም፣ ወደ ቤት ነውና ይደረሳል። የቀረኝ አንድ ዕድል ብቻ ሆነ። እሱን ከሳትኩ የትምህርት ድጎማዬ ይቆማል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ።

በዚህ መሐል ምሕረት ደወለች። አባባ አልጋ ከያዙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፣ ሐኪሞቹ ቤት ይዛችኋቸው ግቡ ብለዋል፣ ስምህን ይጠራሉ አለችኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ቀኑ አልፎ እድሳት እየጠበቅሁ ስለነበር በማግስቱ የውጭ ዜጎች ቢሮ ተሰለፍኩ። የመስኮቷ ሴትዮ ፋይሌን አገላብጣ፣ «መውጣት ይችላሉ፣ ማንም አይከለክልዎትም» አለችኝ።

«መመለስስ?»

«እሱን ካገርዎ ሆነው እንደ አዲስ ያመለክታሉ።»

ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኋት። ያን እነሱ እንደማያውቁ፣ የእነሱ ሥራ መውጫው ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳችኝ። ያ ፕሮፌሰር አጠገቤ ቢቆም «ይኸም ሜትሪክ አይደለም» ይል ነበር ብዬ ሳቄ መጣ፤ ሴትዮዋ ደህና መሆኔን ጠየቀች። እውነቱን ለመናገር ደህና አልነበርኩም። ሁለተኛው ፈተና ሰኞ ነው። ብሄድ እሱም፣ ወረቀቱም፣ ሁለቱ ዓመትም ቀሩ ማለት ነው። ብቀር ደግሞ አባቴን።

ትናንት ቅዳሜ ምሕረት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጋልኝ ነበር። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ሰባት ሰዓት ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«መመለሱም ያው ነው ብለኸኛል።»

«ያው ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ጠዋት ብትነሳ ለራት ትደርሳለህ» አሉና ምሕረትን ቆጮ እንድታዘጋጅ ሲያዟት ሰማሁ። እሷ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች መሰለኝ፣ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«እውነት ትመጣለህ? ላዘጋጅ?» አለችኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። የአከራዬ አሥር ደቂቃ ደርሶ ስለነበር ቡልኮውን ደርቤ መስኮቱን ከፈትኩ።