ጰ እምቢ ያላት ጎረቤቴ

ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በገንዳ ውሃ ከተማ ለብዙ ዘመን አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ልጆች ሁልጊዜ የሚቸገሩባት ፊደል ከገበታው ግርጌ ያለችው ጰ ናት። በቋንቋችን ብዙ ቃል የላትም። ከንፈርን ገጥሞ፣ ጉሮሮን ቆልፎ፣ ያለ ትንፋሽ ድንገት መልቀቅ ትጠይቃለች።

ጎረቤቴ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ሴት ነበረች። አባቷ የአርማጭሆ ሰው ስለነበር ከዚህች ፊደል በቀር አማርኛዋ እንደ እኛው ነው። አንድ ቀን ገበያ ወጥታ ዕቃ ልትሸጥ ፈልጋ “እትዬ፣ ተረቤዛ ያውሱኝ” ስትለኝ ጠረጴዛ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኝ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች።

በዚያው ሰሞን ክፉ ወሬ መጣ። በጎንደር መንገድ ላይ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ከሱዳን የመጣ ሰው ያግታሉ፤ ዘመዶቹ ከውጭ ከፍለው ያስለቅቁታል ብለው ነው።

“እንዴት ይለዩታል?” አልኩት የነገረኝን ባለሱቅ።

“ጠረጴዛ በል ይሉታል።”

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ዘግተን እንለማመድ ጀመርን። ብጣሽ ወረቀት ከአፏ ፊት አስያዝኳት። “ወረቀቱ እንዳይርገበገብ” እላታለሁ። ወይ “በ” ትላለች፣ ወይ ወረቀቱ ይርገበገባል። መሳቁን ትተነዋል።

ዓይኗ ታመመና ጎንደር መሄድ ግድ ሆነ፤ አብሬያት ተሳፈርኩ። የሰሊጡ ማሳ አልቆ ጫካው ሲጀምር ታጣቂዎች አውቶቡሳችንን አስቆሙት። ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ገባ። አልጮኸም። ከኋላችን ያለውን ወጣት “ጠረጴዛ በል” አለው።

“ተረቤዛ” አለ ልጁ።

አወረዱት። ጎልማሳው ወደ ጎረቤቴ ዞረ። “በይ አንቺ።”

ከንፈሮቿ ገጠሙ፤ አልተከፈቱም።

“እህቴ ናት፤ ዲዳ ናት” አልኩ።

“እንግዲያ እርስዎ ይበሉልኝ፣ እናቴ።”

ያን ሁሉ ልጅ እንዳስተማርኩት ከንፈሬን ገጠምኩ። እንደምንም “ጠረጴዛ” አልኩ። አፌን ትኩር ብሎ አየና፣ “እኛንም ማዶ ሱዳን ለቀን ሥራ ስንሄድ በአፋችን ነበር የሚለዩን” ብሎ ወረደ።

ጎንደር ገባን። ሐኪሙ ምን እንደሚያማት ሲጠይቃት እንድመልስላት እኔን አየች። ዓይኗ ዳነላት፤ ገንዳ ውሃ ግን አልተመለሰችም።

ያ ወጣት ምን እንደሆነ የአውቶቡሱን ሹፌር ደጋግሜ ጠየቅሁት። አላውቅም ይለኛል። አሁን አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።