ለአራስ ቤት ሸራ የሚሆን መርፌ

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል አገሩ ትንሽ ያንቀላፋል። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አህዮቹ ጥላ ሥር ቆመው ጆሯቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም። ገበያ ውስጥ ያለነውም ሰዎች ብንሆን፣ አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው እስኪቀበለው ብዙ ይቆያል። እኔ ያን ሰዓት እወደዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ከፊቴ አድርጌ የሩቁን ደመና ሳይ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ለራሴም አይለይልኝም።

መኪናዬ እንደ ሻንጣ አንጠልጥለው የሚሄዱባት ዓይነት ናት። ትንሽ ትምሰል እንጅ ሥራዋ ከባድ ነው፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ጨርቅ፣ የሰሊጥ ማድረቂያ ምንጣፍ ትሰፋለች። መብራት ሲጠፋ መዘውሯን በእጄ አዞራለሁ፤ እሷም አትቀየምም።

ባለፈው ኸሪፍ፣ በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ እያስገመገመ ገና ሳይወርድ፣ አንዲት ሴትዮ መጥታ ፊቴ ቆመች። ከመተማ በኩል ተሻግረው ለእርሻ ሥራ ከሚመጡት ወገን ናት። ልጇ በቅርቡ ወልዳለች። የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ በዶካ መንገድ፣ በእንጨትና በአገዳ በቆመች ራኩባ ውስጥ ነው፤ ጣራዋ የጭነት መኪና ሸራ ነው። ሸራው ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሀሉ የተሰፋ ነው። የሰሞኑ ካፊያ ታዲያ በሌላ በኩል ሳይሆን በዚያው በስፌቱ እየገባ አራሷ መደብ ላይ ተንጠባጠበ። ሸራውን የሰፋውን ሰው ያመጣው አማቿ፣ የልጇ ባል ነው፤ እሱ አሁን ለአረም ወደ እርሻ ወርዷል። ይህን ሁሉ ሳትቀመጥ ነገረችኝ።

«ልጄ አራስ ናት» አለች በመጨረሻ። «ካፊያውን በጣሳ ተቀበልሁት። ዋናው ዝናብ ሲመጣ በምን ልቀበለው ነው?»

መኪናዬን ሳጥኗ ውስጥ ከተትሁ፤ የመርፌዎቼን የቆርቆሮ ሙዳይ ኪሴ አገባሁ፤ በአህያ ጋሪ ሄድን። መንገዱ አቧራ ነበር። ሰማዩ በዶካ በኩል እንደ እርሳስ ጠቁሯል።

ራኩባዋ ውስጥ ገብቼ ቀና አልሁ። የስፌቱ ቀዳዳዎች ከዳር እስከ ዳር ያበራሉ። በቀትር የወጡ ትናንሽ ከዋክብት መስመር ይዘው የተሰለፉ ይመስላሉ፤ ደመና ሲያልፍባቸው ይደበዝዛሉ፣ እንደገና ይፈካሉ። እንዲያ አንጋጥጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ወንድምዓለም፣ ቁመው ተኙ እንዴ?» አለችኝ ሴትዮዋ። አራሷ መደቧ ላይ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ያን ሸራ የሰፋው ኮርቻና ጫማ የሚሰፋ ሰው ነው፤ የሰፋውም በቆዳ መርፌ ነው። የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለት አለው። ቆዳ እልኸኛ ስለሆነ ካልቆረጡት አያሳልፍም። ሸራ ግን የተሸመነ ነገር ነው፤ ድርና ማጉ ፈቀቅ ብሎ መርፌውን ያሳልፋል፣ ተመልሶም ይገጥማል። በስለት ከወጉት ግን ክሩ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ቀዳዳው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ቆርቆሮዬን ከፈትሁ። መርፌዎቼ በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልለው ነው የሚያድሩት። አንገታቸው ላይ ቁጥር አለ፤ ለዓይኔ ግን የጉንዳን ዱካ ሆኖብኛል። ስለዚህ ጫፋቸውን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አንሸራትታለሁ። ስለት ያለው ጥፍሬን ይፍቃል፤ ድቡልቡሉ ዝም ብሎ ያልፋል። ከድቡልቡሎቹ መካከል አንዷን መካከለኛ አወጣሁ።

ሴትዮዋ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ታየኝ ነበር። እጇን ሰዳ ከሁሉ የወፈረውን አነሳች።

«ለወፍራም ሸራ ይኸ ነው እንጅ። ያችማ የኩታ መርፌ ናት።»

አማቿም ያን ኮርቻ ሰፊ፣ ካለህ ሁሉ ወፍራሙን አምጣ ብሎት እንደነበር ነገረችኝ። እንግዲያ ወፍራም መውደዱ የቤተሰቡ ነው አልኋት። ልጅቱ እንደገና ሳቀች፤ እናቷ ግን መርፌውን አልለቀቀችም።

ክርክር አልወድም። የጥጥ ክር አወጣሁና በሷ ወፍራም መርፌ ዓይን አስገብቼ ክሩን አዘንብዬ ወጠርሁት። መርፌው ቱር ብሎ ወረደ። ቀጥሎ የኔዋን አስገባሁ። እሷ ዝግ ብላ፣ ቆም እያለች፣ ቁልቁለት እንደምትወርድ ነፍሰ ጡር ተጠንቅቃ ወረደች። ሦስታችንም ዓይናችን አብሯት ወረደ።

«ክሩ ቀዳዳውን መሙላት አለበት፣ እትዬ» አልኋት። «የጥጥ ክር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። መርፌዋ ከወፈረች ግን ምንም ቢያብጥ አይሞላውም።»

ወፍራሙን መርፌ ቆርቆሮው ውስጥ ራሷ መለሰችው።

አንድ ነገር አልነገርኋትም ነበር። እንደዚያች ያለች መርፌ ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ከካርቱም ዕቃ መምጣቱን ካቆመ ወዲህ እንደሷ ያለ በገበያው አይገኝም። ብትሰበር የሚቀረኝ ወይ ስለታሙ፣ ወይ ወፍራሙ፣ ወይ ሸራ የማይበሳው ቀጭን ነው። ዝናቡም መንገድ ላይ ነው።

ጎረቤት ሴቶች መጥተው ሸራውን አወረድን፤ አራሷን ወደ አንዷ ቤት ወሰዷት። የተበሳሳውን ጠርዝ ቆርጬ ጣልሁ፤ አዲሱን ጠርዝ አንዱን ባንዱ አጥፌ ደረብሁ። መኪናዋን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥሁ። ሴቶቹ ሸራውን እንደ ሕፃን አቅፈው ያቀብሉኛል፤ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። ነፋሱ የርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። አገሬ ያለሁ፣ ልጅ የሆንሁ፣ ከዚያ ደግሞ የትም ያልሆንሁ መሰለኝ፤ እጄ ግን መንገዱን አልሳተም።

የሸራው የዙሪያ ጠርዝ፣ የጥንቱ እጥፋት፣ ከኔ እጥፋት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምሁ። እዚያ ላይ ሸራው ተደራርቦ እንደ ሰሌዳ ደርቋል። መርፌዋን በእጄ ግፊት ብቻ፣ እየነካሁ እየተውሁ አወረድኋት። ትንሽ ጎበጥ ስትል አየሁ። መዘውሩን መለስ አድርጌ፣ ሸራውን በጣቴ አሽቼ አለሳልሼ፣ እንደገና ሞከርሁ። አለፈች። ቀጥላም አለፈች።

ሸራውን ሰቅለን አራሷን እንደመለስናት ዝናቡ ወረደ። እኔም ከነመኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። ሴትዮዋ ጣሳዋን ከስፌቱ ሥር አስቀምጣ፣ ሕፃኑን በጀርባዋ ከልላ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ስፌቱ ላይ ጠብታ አቀረረ። ጣሳው ውስጥ ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ክሩ ገና እየጠጣ ነው» አልኋት። ያልሁት እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ተጨማሪ ጠብታ አቀረረ፤ ረዘመ፤ ሳይወድቅ እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ስፌቱ ጠቆር ብሎ ዝም አለ። ሴትዮዋ መዳፏን ዘርግታ ከሥሩ ብዙ ቆየች፤ መዳፏን በጉንጯ ነካችው። ደረቅ ነው።

ተነስታ ጣሳውን ከስፌቱ ሥር አነሳችና እጇን በበሩ ሰዳ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ይሙላ» አለች። «ለሕፃኑ መታጠቢያ ይሆናል።»