ያ የቆሰለው ተረፈ?

ኮረሪማ በሸተተኝ ቁጥር ተኩስ ይሰማኛል። ለኮረሪማ ነጋዴ ይህ ጥሩ በሽታ አይደለም፤ ከሺሺንዳ የመጣ ጆንያ በተፈታ ቁጥር ጎንበስ ማለት ያምረኛል። ምን ላድርግ፣ የኛ ቪዲዮ ቤት የኮረሪማ መጋዘን ነበር።

ቦንጋ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው መበተን ሲጀምር ባለቤቱ ጆንያዎቹን ወደ ግድግዳው ያስጠጋና መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። የምንቀመጠው ጆንያው ላይ ነው። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ በሚገባው ጨረር ውስጥ አቧራ ይጨፍራል፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የፊልሙ ተኩስና የጣራው ድምፅ ይቀላቀልና ጦርነቱ እጥፍ ይሆናል።

ፊልሞቹ ደሃ ነበሩ፤ ይህን እንደ ነጋዴ ነው የምነግርህ፣ የዕቃ ደረጃ አውቃለሁ። ደሙ ቀለም እንደሆነ ያስታውቃል። አንዱ መኪና ሦስት ጊዜ ይፈነዳል። አክተሩን ግን የእውነት ያልበው ነበር። ጥይት ያልቅበታል፣ ይደክመዋል፣ ያቺኑ አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይለብሳታል። እኛም ያለን አንዳንድ ሸሚዝ ነበር። በኋላ በመጡት ውድ ፊልሞች አክተሩ ከሰማይ ወድቆ ፀጉሩ አይበላሽም፤ እንዲህ ላለ ሰው ማን ይጨነቃል?

ተርጓሚያችን የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በካፊኖኖ ያስረዳል። የፊልሙን ቋንቋ እንደኛው ነው የማያውቀው። አንድ ጊዜ የሞተ ሌባ ባርኔጣ ቀይሮ ሲመለስ፣

«ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልነበር እንዴ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«ወንድሙ ነው! ሊበቀል መጥቶ ነው፤ አታቋርጠኝ!» አለው ተርጓሚው።

ከሁሉም የምንወደው፣ አክተሩ የቆሰለ ጓደኛውን አዝሎ ገደል የሚወጣበትን ፊልም ነበር። መጨረሻውን ቦንጋ ላይ ያየ ሰው ግን አልነበረም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ተርጓሚው ካሴቱን ከጅማ ሲያመጣው ዝናብ መትቶት ነበር። እኔ ብልጡ፣ ኮረሪማው እንደሚደርቀው ይድረቅ ብዬ ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ላይ አሳደርኩት። ክሩ መጨረሻው አካባቢ ተኮማተረ። ቅዳሜ ሲታይ፣ አክተሩ ገደሉ መሃል ሲደርስ ምስሉ ተቆረጠ።

ቤቱ ሊንጫጫ ሲል፣ ከማንኪራ ማር ይዘው የሚመጡ አንድ አባት ከጥግ ተነሱ። ልጃቸው ዘምቶ አልተመለሰም ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን።

«ልጄ፣ ያ የቆሰለው ተረፈ?» አሉ።

ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ተረፈ፣ አባቴ» አለ። ከዚያም እንዴት እንደተረፈ ተረከ፦ ገደሉ አናት ላይ ያገኘቻቸው ሴት፣ ማር በጥብጣ ያጠጣችው ውሃ፣ ቤቱ ሲቃረብ ሸትቶት እየጮኸ የመጣው ውሻ። አባትየው እስኪያልቅ አልተቀመጡም። ከዚያ ወዲያ ሰው ያንን ፊልም ያስደግም ጀመር፤ የሚጠብቀው የሚቆረጥበትን ቦታ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ ዛሬ የኔ መጋዘን ነው። ጓደኛዬ ደካ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ያለፈው ክረምት ጉበቱን ታሞ መጣና እናቱ ቤት ተኛ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ለምን እንደላኩት ለሁለታችንም ገብቶናል፤ የምናወራው ግን ስለ ዝናብና ስለ መንገዱ ጭቃ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፊልሙን ሙሉውን ስልክ ላይ አገኘሁት። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ቁስለኛው ገደሉን ሳይጨርሱ ይሞታል። አንድ ቃል አይናገርም። አክተሩ ድንጋይ ይከምርበትና ይሄዳል።

ልጠይቀው ስሄድ አፌ አላርፍ አለ። «ያንን ፊልም አገኘሁት እኮ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «እ? ያ የቆሰለው ተረፈ?»

ስንቱን እርጥብ ኮረሪማ ደረቅ ነው ብዬ ሸጫለሁ፤ ፊቴ ተለውጦ አያውቅም። «ተረፈ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «አንተ ውሸታም! እኔ ጅማ እስከ መጨረሻው አይቼው አይደል እንዴ ያመጣሁት።»

ያን ሁሉ ቅዳሜ ያውቅ ነበር።

ይቅርታ ልለው ስል እጄን ያዘኝ። «ተወው። እንደዚያን ጊዜው ንገረኝ። ዛሬ አንተ ተርጉም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሱ ይቆም እንደነበረው ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በካፊኖኖ። ቶሎ እንዳያልቅ ገደሉን አስረዘምኩት። ሴትየዋ ጋ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ሐሙስ ቀበርነው።

ትናንት ጆንያ ሲፈታ ተኩሱ ተሰማኝ። አክተሩ ያንኑ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጓደኛውን አዝሎ፣ አሁንም ገደሉ መሃል ነው። እስካሁን ከጀርባው አላወረድኩትም።