እመት መስኮት ከተማ ስታሳይ

ሹፌሮቹ «እመት መስኮት» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከትኬት ቆራጮቹ ቀጥሎ፣ «መረጃ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈባት ጠባብ መስኮት ጀርባ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ለአፍ ይቀላል እንጂ፣ ወንበሯ አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ አለቆቿንማ ቆጥራ አትጨርሳቸውም። አንዳንዶቹ ስሟን ሳይጠይቁ መጥተው ስሟን ሳይጠይቁ ነው የተሻሩት።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ሻንጣውን በሁለት እግሮቹ መሃል አጣብቆ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ «የት ልብላ? በየት ልሂድ?» ይላታል። እመት መስኮት አትቸኩልም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና ትጀምራለች።

«እንግዲህ ይስሙኝ። ደጃፍ ላይ ቆሞ ክንድዎን እየጎተተ ‹ይግቡ፣ ይግቡ› የሚልዎት ምግብ ቤት እንዳይገቡ። ምግቡ የሚጣፍጥ ቢሆን ሰውዬው ውጭ ምን ያቆመዋል? ሹፌሮች ተጋፍተው የሚበሉበት ቤት ይግቡ። ሹፌር ሆዱን ካመመው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ስለሆነ የሚበላበትን ቤት አጥርቶ ያውቃል። ዝርዝር ገንዘብዎን በአንድ ኪስ፣ ድፍኑን በሌላ ኪስ ያድርጉ። ታክሲ ከሆነ ሳይገቡ ዋጋ ይነጋገሩ፤ ከገቡ በኋላ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። መንገድ ከጠፋብዎት ሁለት ሰው ይጠይቁ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይፈልጉ። ወደ ሐይቁ ሲሄዱ በግራ በኩል ይቀመጡ፣ ፀሐይ አያገኝዎትም። የፌርማታ ስም ደግሞ አይያዙ፤ ስም በየጊዜው ይቀያየራል። ይቁጠሩ!»

ይህን ሁሉ ብላ ስታበቃ፣ ከተጣለ ትኬት ጀርባ ላይ ካርታ ትስልላቸዋለች። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፌርማታው በነጥብ በነጥብ፣ መብያው ቦታ ላይ ትንሽ ሳህን። አንድም ቀን ማስመሪያ ይዛ አታውቅም።

ከእነዚህ እንግዶች ገሚሱ ሲመለሱ ጎራ ብለው ያመሰግኗታል። ያን ጊዜ ታዲያ ጠያቂዋ እሷ ትሆናለች። «ሾርባው ወፍራም ነው ቀጭን? ዳቦው ትኩስ ነበር? ከተቀመጡበት ሆነው ውሃው ይታያል?» እያለች ታፋጥጣቸዋለች። ሰዎቹ ለሥራዋ እንዴት ብትጨነቅ ነው እያሉ ይደነቁባታል። ምስኪኖች! እውነቱን ቢያውቁ ሻንጣቸውን ጥለው በሳቁ ነበር። እመት መስኮት ያን ሁሉ ሰው ከላከችበት ቦታ አንዱንም በእግሯ ረግጣ አታውቅም።

እንዴት ቢሉ፣ መስኮቷ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተከፍታ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምትዘጋው፤ በሳምንት ስድስት ቀን። ሰባተኛው ቀን የልብስ አጠባ ነው፣ የልጆች ጠጉር ነው፣ የቤት ጽዳት ነው። ባሏ ደግሞ የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በእረፍት ቀኑ «እስቲ ወጣ ብለን ዞር ዞር እንበል» ያለችው እንደሆነ ፊቱ ጭፍግግ ይላል። «ስድስት ቀን የነዳሁትን አውቶቡስ በሰባተኛው ቀን ከኋላ ተቀምጬ ልየው?» ይላታል። ግን ደግ ሰው ነበር። ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የዋለበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነግራት ነበር። የት መብራት እንደያዘው፣ የት አዲስ ዳቦ ቤት እንደተከፈተ፣ ሐይቁ ዳር ያለችው ዓሣ ጠባሽ ዛሬ ከማን ጋር እንደተጣላች ሳይቀር። እሷ ልብስ እያጠፈች ትሰማለች። አሁን የሚናፍቃት ያ ሰዓት ነው። ውሃው ውስጥ ሲያንቀሳቅሰው የነበረው የእግሩ ድምፅ እንኳ ይናፍቃታል።

«ጡረታ ስንወጣ ከዳር እስከ ዳር ነው የማዞርሽ፤ አንቺም መንገደኛ፣ እኔም መንገደኛ» ይላት ነበር። ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ሲቀራት እሱ ድንገት ልቡ ቀጥ አለና ሄደ። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጫማዋን አድርጋ እስከ በሩ ደርሳለች። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳ አወለቀችው። ያለ እሱ ምን ያደርግላታል?

ይህ ብቻ ቢሆን የራሷ ጉዳይ ነበር። ነገሩን ያከበደው የታላቅ እህቷ ነገር ነው።

መናኸሪያው የመረጃ ሠራተኛ በፈለገበት ዘመን ፈተናውን አንደኛ ሆና ያለፈችው ታላቅየዋ ነበረች፤ ታናሽየዋ ተጠባባቂ። በዚያው ሰሞን እናታቸው አልጋ ያዘች፤ ከሁለት አንዳቸው ቤት መቅረት ነበረባቸው። ታላቅየዋ ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ በመሄጃው ጠዋት ሻንጣውን አንስታ ለታናሿ አስያዘቻት። «ሂጂ፣ ሚጡዬ። እኔ ከእማማ ጋር እሆናለሁ። አንቺ ግን እይልኝ፤ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ» አለቻት። ሻንጣው ውስጥ የነበሩት ቀሚሶች ሁሉ የታላቅየዋ ልክ ነበሩ፤ ታናሽየዋ ዓመት ሙሉ ጫፋቸውን እየሰበሰበች ነው የለበሰቻቸው።

እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው «ከመስኮት ጀርባ ነኝ፤ የሚታየኝ የሰው አገጭ ብቻ ነው» ብሎ ይጽፋል? አይጽፍም። እመት መስኮትም አልጻፈችም። በየወሩ ደብዳቤ ትልካለች። ደብዳቤው ውስጥ እሷና ባሏ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላሉ፣ ከአሮጌው ድልድይ ላይ ሆነው ውሃ ያያሉ፣ ገበያ መሃል መንገድ ጠፍቷቸው ይስቃሉ። የእንግዶቹን ወሬ ከባሏ ወሬ ጋር ትሰፋውና ራሷን መሃል ላይ ትጨምርበታለች። ለመዋሸት ብላ አልነበረም። የእህቷን ዕድል ወስዳ ባዶ ወረቀት መላክ አልሆንላት ብሎ ነው።

እናታቸው አምና ዐረፈች። የእናታቸው ዓመት ሲሞላ ታላቅየዋ ስልክ ደወለች።

«ለሦስት ቀን እመጣለሁ። ሌላ ምንም አታሰናጂልኝ። በደብዳቤ ስታበይኝ የኖርሽውን ዓሣ አሁን በአፌ ልብላው» አለች።

«እሰይ! እሰይ እትዬ!» አለች እመት መስኮት። ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እህቷ ሁሉን ነገር ሰጥታት ቤት ቀርታለች፤ የተሰጣት ነገር ምን እንደሆነ አሁን በዓይኗ ልታይ ነው። እመት መስኮት ቀድማ ሄዳ ቦታውን ማየት ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። ብቻዋን ሄዳ ከማየት ግን መዋረዱ ቀለላት።

ታላቅየዋ ጠጉሯ ነጭ፣ ወገቧ ግን ቀጥ እንዳለ መጣች። በማግስቱ ምሳ ሳይበሉ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ገቡ።

«በግራ በኩል እንቀመጥ እትዬ፤ ፀሐይ አያገኘንም» አለች እመት መስኮት፣ እንደ ባለቤት ኮራ ብላ።

ለሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ምክር የሰጠችው ግን ጠዋት ለሚሄዱ ሰዎች ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በግራ በኩል ገብታ ሁለቱን እህትማማቾች ታጠብሳቸው ጀመር። በስተቀኝ የተቀመጡት ሁሉ ጥላ ውስጥ ሆነው በዝምታ ያዩአቸዋል። ታላቅየዋ ግን ፀሐይም ትዝ አላላት። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

«አሁን ትልቁ ዳቦ ቤት ይመጣል» አለች፣ ከደብዳቤው አስታውሳ። መጣ።

«ቀጥሎ ወደ ቀኝ ይታጠፍና የውሃ ማማው ይታያል።» ታየ።

እመት መስኮትም መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ነበር። የሚመጣውን ሁሉ በስም ታውቀዋለች፤ መልኩን ግን ገና አሁን ማየቷ ነው። የውሃ ማማው እንዲህ ትልቅ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ባሏ በቀን ስድስት ጊዜ በዚህ በኩል ሲያልፍ ኖሮ፣ ግዝፈቱን ግን አልነገራትም።

«... ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። እንውረድ!» አለች፣ ፌርማታ ስትቆጥር የቆየችው።

ወረዱ። ከፊታቸው የቆርቆሮ አጥር አለ፣ የጎማ ክምር አለ። ሐይቅ የለም።

«ሐይቁ የታለ?» አለች ታላቅየዋ።

«እዚሁ ነው፤ ትንሽ ሄድ ብሎ ነው...» እመት መስኮት ዞር ብላ ጎማ የሚጠግነውን ሰውዬ ጠየቀችው። በሕይወቷ ሙሉ ሲጠይቋት እንጂ መንገድ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ለከተማው እንግዳ ናችሁ እንዴ?» አለ ጎሚስታው። «ፌርማታ ተጨምሯል እኮ፤ ዓመት ሆነው። አንድ ቀድማችሁ ነው የወረዳችሁት። ቁልቁል በእግራችሁ ውረዱ።»

«እንግዳ? እሷን ነው እንግዳ የምትላት? የዚህ ከተማ ካርታ እኮ እሷ ናት!» ብላ ታላቅየዋ ሳቀች። እመት መስኮት ያን ሳቅ ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

የዓሣ ቤቱን ያገኙት ሽታውን ተከትለው ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ፣ ሹፌሮች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይበላሉ። ፎጣ ትከሻዋ ላይ የጣለች ወፍራም ሴት ዘይት ውስጥ ዓሣ ትገለብጣለች። ታላቅየዋ ቆማ ዙሪያውን ስታይ ቆየች።

«የእናንተ ቦታ የቱ ነው?»

«የምን ቦታ?»

«አንቺና ባልሽ ትቀመጡበት የነበረው ነዋ። ሰማያዊው ወንበር። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው።»

እዚያ ቤት ወንበር የለም። መስኮትም የለም፤ ግድግዳ የሌለው ቤት መስኮት ከየት ያመጣል? ሰማያዊው ወንበር ድልድዩ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ነበር፤ ሁለት እንግዶች በአንድ ቀን የነገሯትን አደባልቃ ነው የጻፈችው። አሁን ትዝ አላት። «ዕቃውን ቀይረውት ነው» ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

«ማለት?»

«መጥቼ አላውቅም። ዛሬ ነው የማየው።»

«ድልድዩስ?»

«አላየሁትም።»

«ገበያውስ? ዝናብ ሲይዛችሁ ጨርቅ ሻጩ ጋ የተጠለላችሁትስ?»

«የሰው ወሬ ነው። ሁሉም የሰው ወሬ ነው፤ መስኮቷ ላይ የሰማሁት።»

ታላቅየዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህባት ለእመት መስኮት ይሻላት ነበር።

«ደብዳቤሽን ለእማማ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላት። መጨረሻ ላይ እኔን ራሴን አትለየኝም ነበር። ዓሣውን ግን አልረሳችውም። ‹ዛሬስ ልጄ ምን በላች?› ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጓዳ ሆኜ፣ ትራስ እያገላበጥኩ፣ ‹ግድ የለም፣ አንዳችን እያየነው ነው› እያልኩ ነው ያን ሁሉ ዓመት የገፋሁት። አንዳችንም አላየነውም ማለት ነው?»

እመት መስኮት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ያፈረችው ስለ ውሸቷ አልነበረም። ያንን የሚያህል ዕድል ተሰጥቷት ሳታየው መኖሯ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ዓሣው መጣ። ማንም አልነካውም። ባለቤቲቱ በአጠገባቸው ስታልፍ ሳህኑን አየችና ተቆጣች፤ «ኧረ እናቶቼ፣ ዓሣ ሲቀዘቅዝ ዋጋ የለውም!»

ታላቅየዋ በጣቷ ቁራጭ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ቀስ ብላ አላመጠች።

«ቆዳው ይንኮሻኮሻል» አለች። «ይሄን አልጻፍሽልኝም።»

«ማንም አልነገረኝም» አለች እመት መስኮት።

ታላቅየዋ አየቻት። ልታለቅስ ነው ሲባል ሳቅ አመለጣት። ሳህኑን ገፋችላት። «ብይ፣ አንቺ ቀጣፊ! ብይና ራስሽ ቅመሽው!»

በላች። ይንኮሻኮሻል፣ እውነትም። ትኩስ ነው፣ ጨው በዝቶበታል፣ ምላስ ያቃጥላል። ባሏ ይህን እያሸተተ ስንት ዓመት እንዳለፈ አሰበችና እንደገና አለቀሰች፤ እያለቀሰችም መብላቷን አላቆመችም።

ቀና ስትል ታላቅየዋ ከአጠገቧ የለችም። ተነሥታ ሹፌሮቹ ዘንድ ሄዳለች።

«ልጆቼ፣ እኔና እህቴ ለከተማው እንግዳ ነን» ትላለች፣ አገር እስኪሰማ። «አሮጌውን ድልድይ ሳይመሽ እንደርስበታለን?»

ሹፌሮቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ በአራት ቁጥር ይላል፣ አንዱ በእግር ይሻላል ይላል፣ አንዱ ጭራሽ ድልድዩን ምን ያደርግላችኋል ይላል። ታላቅየዋ መሃላቸው ቆማ፣ እጇ ላይ ዘይት እንዳለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረች ታዳምጣለች። ፊቷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

ተመልሳ መጣችና የታናሿን ክንድ ያዘች።

«ትኬቴን ነገ እንቀይረዋለን፤ በሦስት ቀን የሚያልቅ አይደለም። ተነሺ።»

«በየት በኩል ነው?» አለች እመት መስኮት።

«እኔ እንጃ» አለች ታላቅየዋ። «ውሃ ስናይ እንወርዳለን።»