በወንድሜ ሆድ ውስጥ የነበረው

ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለው ቤታችን ወንድሜ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ውስጤ ሰው አለ፤ ያጉረመርማል» አለ።

አእምሮው ከታወከ ዓመት አልፎት ነበር። ማንም የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ልቡ በኃይል ሲመታ «ማነው የሚያንኳኳው?» ብሎ በር ይከፍታል። ምግብ ካላቀረብንለት ደግሞ ራበኝ ብሎ አያውቅም።

እናቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ የሚኖሩትን የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ጠበል ይዘው መጡ፤ ጸሎት አድርሰው ጆሯቸውን ወደ ሆዱ አስጠጉ። እውነትም ያጉረመርማል።

«ያደረበት መንፈስ ስሙን ተናግሮ እስኪለቅ ከጠበል በቀር ምንም አይቅመስ» አሉ።

«አባቴ፣ እኔንም አላናገረኝ። ኩሩ ነው» አለ ወንድሜ።

እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ባሕር ማዶ የተማርሽው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። «እንደ አባታችን ቃል ይሁን» አልኩ። አስታማሚም አብሮ ይጾማልና እኔም ከእሱ ጋር ጀመርኩ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ የእኔ ሆድ ጮኸ። ያው ድምፅ ነበር። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወይ ጉድ! አንቺም ጋ ገባ? ዘመዱን ፍለጋ መጥቶ ነው።»

ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እኔ ርቦኛል፤ እሱም ርቦታል። ሆዴ ሲጮህ እኔ የማስበው እንጀራ ነው፤ እሱ ግን ሰው ገባብኝ ይላል። የገዛ ሰውነቱ ሲጠራው የባዕድ ድምፅ ይመስለዋል።

ሲመሽ አባታችን ተመልሰው መጡ። ሆዱን አዳመጡና፣ «ድምፁ ደክሟል፤ ሊለቅ ነው» አሉ። እናቴ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ በራ። የደከመው ወንድሜ ነበር፤ ደግፈን ካላነሳነው መቆም አቅቶታል። ይህን እያወቅሁ፣ የእናቴን ደስታ እንዳላጠፋ፣ አባታችንንም እንዳላሳፍር ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግንባሩን ስዳስስ በገዛ እጄ አፍር ነበር።

በማግስቱ ማለዳ በሶ በማር በጥብጬ፣ ራሱን ክንዴ ላይ አስደግፌ በማንኪያ አጠጣሁት። እናቴ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ልጄ፣ ጾሙን ሻርሽበት?»

«እማዬ፣ የሚጮኸው ረሃቡ ነው። ትናንት ገብቶኝ ነበር፤ ዝም አልኩ» አልኳትና ሌላ ማንኪያ ጨመርኩለት።